«ዮ» በፕራግ፣ «ዮ» በኡሜዎ

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። ቼኮችና ስዊድኖች በላቲን ፊደል ሲጽፏት ሁለት ፊደል ትፈጃለች። በእኛ ፊደል አንድ ይበቃታል፤ «ዮ»። በሁለቱም አገር ከጠዋት እስከ ማታ ትሰማለች። መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ ብትፈልጓት በሁለቱም ቋንቋ «አዎ» የሚል ታገኛላችሁ። ነገር ግን የፕራጓ «ዮ» እና የስቶክሆልሟ «ዮ» ሥራቸው ለየቅል ነው። ወደ ሰሜን ስዊድን ስትወጡ ደግሞ ሌላ «ዮ» አለች። ለዚህ ንግግር ያነሳሳችኝ እሷ ናት፤ ከእኛ ጋር የሚያገናኛት ነገር አላት። ቆይቼ እደርስበታለሁ።

እዚህ ከተሰበሰባችሁት መካከል በአስተርጓሚነት የምትሠሩ አላችሁ። ልጆቻችሁ ስዊድንኛ ተናግረው እናንተ በአማርኛ የምትመልሱም አላችሁ። «አዎ» የሚባለውን ቃል ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል። አዲስ ቋንቋ ስንጀምር በመጀመሪያው ቀን እንይዘዋለን፤ ከዚያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ግን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ለማሻገር እንደ «አዎ» የሚከብድ ቃል ጥቂት ነው ባይ ነኝ። «አዎ» ብቻውን ትርጉም የለውም። ትርጉሙን የሚያገኘው ከቀደመው ጥያቄ ነው።

ከፕራግ ልጀምር።

ቼክኛ ሁለት «አዎ» አለው። አንደኛው «አኖ» ነው፤ ደንበኛው፣ የጽሑፉ፣ የትምህርት ቤቱ። ሙሽሮች ሲጋቡ «አኖ» ይላሉ። ቅጽ ላይ ታትሞ የምታገኙት እሱን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው አንድሬይ ባቢሽ የመሠረተው ፓርቲም ስሙ «አኖ» ነው። «ቅር የተሰኙ ዜጎች እንቅስቃሴ» የሚለው ስም በቼክኛ ሲያጥር «አኖ» ይሆናል፤ ሲነበብ ደግሞ «አዎ» ይላል።

ሁለተኛው «ዮ» ነው። ይኼኛው የቤት፣ የትራም፣ የቢራ ቤት፣ የጓደኛ ስልክ «አዎ» ነው። ዳኛ ፊት «ዮ» አይባልም። ወንድምህን ደግሞ ረጋ ብለህ «አኖ» ብትለው ምን አስቀየምኩት ብሎ ያስባል።

«ዮ» መስማማት ብቻ አይደለችም። ጫፏን ከፍ አድርገህ «ዮ?» ካልክ «እውነትህን ነው?» ማለትህ ነው። የንግግር ጭራ ላይ ስትገባ የእኛን «እሺ?» ወይም «አይደል?» ትተካለች፤ «ነገ ትመጣለህ፣ ዮ?» «ኖ» ከምትባል ሌላ ትንሽ ቃል ጋር ስትጣመር «ኖ ዮ» ትሆናለች። እዚህ ላይ ድምፁን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ፈጠን ብሎ ከወጣ «አሃ፣ ለካ!» ነው። ረዘም ብሎ፣ ትከሻ ወረድ ብሎ ከወጣ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ነው። አንድ ቼክ አውቶቡስ አምልጦት «ኖ ዮ» ሲል ስትሰሙ ለማንም እየመለሰ አይደለም። ነገሩን እየተቀበለ ነው።

«ኖ»ም ብቻዋን ሰው ታሳስታለች። «እንግዲህ»፣ «እህ»፣ «አዎ» ለማለት ትሆናለች። እንግሊዝኛ ብቻ ይዞ ፕራግ የገባ ሰው፣ ባለሱቋ በስልክ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» ስትል ሲሰማ ከአንድ ሰው ጋር የተጣላች ይመስለዋል። እሷ ግን በእያንዳንዱ «ኖ» እየተስማማች ነው።

እነዚህ ቃላት ከየት መጡ? «አኖ» የሁለት ቃላት ጥምረት ነው፤ «እና» እና «ያ» እንደማለት። ይኼ ዓይነት አፈጣጠር በሌላም ቦታ አለ። ጥንታዊው ላቲን ራሱን የቻለ «አዎ» አልነበረውም። ከላቲን የወጡት ቋንቋዎች የየራሳቸውን ማበጀት ነበረባቸው። በደቡብ ፈረንሳይ «ይህ» የሚለው የላቲን ቃል «ኦክ» ሆኖ «አዎ» መባያ ሆነ። በሰሜን «ኦይል» ተባለ፤ የዛሬው የፈረንሳይኛ «ዊ» ከዚያ ነው። ጣሊያን «ሲ» አለ። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እነዚህን ሕዝቦች የለያቸው «አዎ» በሚሉበት ቃል ነው። ላንግዶክ የሚባለው የፈረንሳይ ክፍል እስከ ዛሬ በዚያው ይጠራል፤ «የኦክ ቋንቋ» ማለት ነው። አንድ አገር በሌላ ነገር ሳይሆን በ«አዎ»ው መጠራቱ ሁሌም ይገርመኛል።

«ዮ» ግን ቼኮች ያበጇት አይደለችም። ከጀርመንኛ የመጣች ናት። የደቡብ ጀርመንና የኦስትሪያ ሰዎች ደንበኛውን «ያ» በአነጋገራቸው «ዮ» ያደርጉታል። ቼክና ጀርመንኛ ተናጋሪዎች በቦሄሚያ፣ ማለትም በዛሬው የቼክ አገር ምዕራባዊ ክፍል፣ ከተሞች ለብዙ መቶ ዓመታት አንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ አንድ ጠረጴዛ ሲጋሩ ኖረዋል። እንዲህ ያለች ቃል በጽሑፍ አትገባም፤ በአፍ ነው የምትገባው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቼኮች ቋንቋቸውን ከወደቀበት ሲያነሱ ምሁራኑ የጀርመንኛ ቃላትን ከጽሑፍ ለማስወጣት ብዙ ደከሙ። ዮሴፍ ዩንግማን ከ1834 እስከ 1839 ያወጣው ባለ አምስት ቅጽ መዝገበ ቃላት የዚያ ትጋት ትልቁ ምስክር ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መጽሐፉ ተጠራ፤ አፉ ግን «ዮ»ን አለቀቀም።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ ይነሳ ይሆናል። ስዊድኖች ፕራግ ገብተው ነበር፤ «ዮ»ን እነሱ ጥለውላቸው ይሆን? መግባቱስ እውነት ነው። በሐምሌ 1648፣ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ የጄኔራል ኮኒግስማርክ ጦር ከቭልታቫ ወንዝ ማዶ ያለውን የፕራግ ክፍልና ቤተ መንግሥቱን ያዘ። ድልድዩን ተሻግሮ አሮጌው ከተማ ለመግባት ግን ተማሪዎችና ነዋሪዎች ከለከሉት። ወታደሮቹ ከቤተ መንግሥቱ ብዙ ቅርስ ጭነው ሄዱ። ከሁሉ የሚታወቀው 75 ኪሎ የሚመዝነው ኮዴክስ ጊጋስ የተባለ የብራና መጽሐፍ ነው። እስከ ዛሬ ስቶክሆልም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ2007 ለኤግዚቢሽን በውሰት ወደ ፕራግ ሄዶ ተመልሷል። ስዊድኖች መጽሐፍ ወሰዱ እንጂ ቃል አልሰጡም። ለቃሉ ጀርመን ጎረቤት በቂ ነበር።

ያ ሁሉ ምርኮ የተላከላት የስዊድኗ ንግሥት ክርስቲና ነበረች። ከርዕሴ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ የእሷ መንግሥት ሳያውቀው ለአማርኛ አንድ ውለታ ውሏል። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ለስዊድን የሚፈለጉ ሰነዶችን ፍለጋ ሮም ተላከ። ሰነዶቹን ፍለጋ የሄደው ሰው እዚያ ያገኘው ኢትዮጵያዊውን ሊቅ አባ ጎርጎርዮስን ነው። ከዚያ ወዳጅነት የግዕዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ተወለደ፤ የአማርኛው በ1698 ፍራንክፈርት ታተመ። አንድ የስዊድን ጉዳይ ባይኖር ሁለቱ ሰዎች በዚያ ዓመት አይገናኙም ነበር።

ወደ «ዮ» ልመለስ። አሁን ስቶክሆልም ነን።

ስዊድንኛ ሦስት መልስ አለው። «ያ»፣ «ኔይ» እና «ዮ»። «በላህ?» ብለው ቢጠይቁህና ከበላህ «ያ» ትላለህ። «አልበላህም?» ብለው ቢጠይቁህና ከበላህ ግን «ያ» አይሆንም። «ዮ» ነው የሚባለው። ማለትም «አልበላህም» ያልከው ልክ አይደለም፣ በልቻለሁ። «ዮ» በአሉታ የመጣን ጥያቄ የምታፈርስ «አዎ» ናት። ጀርመኖች ለዚህ «ዶኽ» አላቸው። ፈረንሳዮች «ሲ» አላቸው። ዴንማርኮችና ኖርዌጂያኖች ልክ እንደ ስዊድን «ዮ» ይላሉ።

ይኼን በደንብ የምታዩት ልጆች ላይ ነው። እናት «ጥርስህን አልቦረሽክም» ትላለች። ልጁ «ዮ!» ይላል። «ኔይ!» ትላለች። «ዮ!» ይላል። አንድም ሌላ ቃል ሳይጨመር ክርክሩ እስከፈለጉት ይቀጥላል። የልጁ «ዮ» እንደተቆጣ መጠን እየረዘመ ይሄዳል። ልጆቻችሁ ስዊድን ያደጉላችሁ ይኼን ድምፅ ታውቁታላችሁ።

እንግሊዝኛም ድሮ እንዲህ ነበር። አራት መልስ ነበረው፤ ሁለቱ ለቀና ጥያቄ፣ ሁለቱ ለአሉታ ጥያቄ። የዛሬው «የስ» ያኔ የስዊድኗን «ዮ» ሥራ ይሠራ ነበር። ቶማስ ሞር በ1532 የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚውን ዊልያም ቲንዴልን ከወቀሰበት ነገር አንዱ ይኸው ነው። መጥምቁ ዮሐንስን «ነቢዩ ነህን?» ብለው ሲጠይቁት የሰጠውን መልስ ቲንዴል በተሳሳተው የአሉታ ቃል ተረጎመው የሚል። በአንዲት የመልስ ቃል ሁለት ሊቃውንት መካረራቸው ለዛሬ ሰው ትርፍ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ቶማስ ሞር የያዘው ቁም ነገር ነበር እላለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ማቴዎስ 5፥37 አማርኛችን «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ይላል። ስዊድኖቹ እዚያ ላይ «ያ» አሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወጣው የቼኮቹ የክራሊትሴ መጽሐፍ ቅዱስ ግን «አኖ»ም አላለ፣ «ዮ»ም አላለ። «በእርግጥ፣ በእርግጥ» ብሎ ተረጎመው።

ታዲያ ሁለቱ «ዮ»ዎች ዘመድ ናቸው ወይስ አጋጣሚ? ዘመድ ናቸው። የስዊድኗ «ዮ» ከ«ያ» ጋር አንድ ሥር አላት፤ የቼኳ በጀርመንኛ በኩል ከዚያው ሥር መጣች። አንድ አያት ያላቸው፣ በተለያየ ቤት ያደጉ ቃላት ናቸው። ከዚህ የሚለዩ፣ በንጹሕ አጋጣሚ የሚመሳሰሉ ቃላትም አሉ። ስዊድን «ያ» ሲል «አዎ» ነው፤ ቼክ «ያ» ሲል «እኔ» ነው። ስሎቫኮች «ሄይ» ሲሉ «አዎ» ማለታቸው ነው፤ ስዊድኖች «ሄይ» ሲሉ ሰላምታ ነው። አጋጣሚዎቹ ያስገርማሉ፤ ግን አያታልሉም። ሰው ቶሎ ይነቃባቸዋል። የሚያታልለው ዘመዱ ነው፤ ትርጉሙ በግማሽ ገጥሞ በግማሽ የሚከዳው።

አሁን ወደ አማርኛ ልምጣ።

«አልበላህም?» ብለው ቢጠይቁን ምን እንላለን? ካልበላን «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። እንግሊዝም ስዊድንም እንዲህ አይልም። የእኛ «አዎ» ከጠያቂው ጋር ይስማማል፤ «ልክ ነህ፣ እንዳልከው ነው» ማለት ነው። ከበላን ደግሞ «ኧረ በልቻለሁ» እንላለን። «በልቻለሁ እንጂ!» እንላለን። ወይም «እንዴት አልበላም!»። እነዚህ «ኧረ» እና «እንጂ» የስዊድኗን «ዮ» ሥራ ይሠራሉ። ግን ብቻቸውን አይቆሙም። ግስ ይፈልጋሉ።

እንዲያውም የአማርኛ ትክክለኛው «አዎ» ግሱ ራሱ ነው ብል አልተሳሳትኩም። «አለህ?» «አለሁ።» «ትመጫለሽ?» «እመጣለሁ።» «አዎ» ሳይነሳ መልሱ ተሟልቷል። ቼክኛም ይኼንኑ ያደርጋል። «አለህ?» ለማለት «ማሽ?» ይላሉ፤ መልሱ «ማም» ነው፣ «አለኝ»። ስዊድንኛ ግን በግሱ ብቻ አይመልስም። «አዎ፣ ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ዙሪያውን ይሄዳል። በዚህ ረገድ አዲስ አበባ ከስቶክሆልም ይልቅ ለፕራግ ትቀርባለች።

ቼኮች ደግሞ አሉታን በትሕትና ቦታ ይጠቀሙበታል። መንገድ ላይ ሰዓት ሲጠይቁ «ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቁም?» ይላሉ። «አይራብህም?» ብሎ መጠየቅ ምግብ መጋበዝ ነው። እዚህ ላይ አሉታው ልብ የለውም፤ ለጨዋነት የገባ ነው። ስለዚህ «ዮ» ብለህ መመለስ ትችላለህ፣ ግብዣውን ተቀበልክ። ጠያቂው የምሩን ያልበላህ መስሎት ከጠየቀና ልታፈርስበት ከፈለግህ ግን «አሌ ዮ» ትላለህ፤ «ነገር ግን አዎ» እንደማለት። ስዊድን በአንድ ቃል የጨረሰውን ቼክ በሁለት ይጨርሳል።

አስተርጓሚ ለሆናችሁት ይኼ ሁሉ ለምን እንደሚጠቅም አሁን ልናገር። አንድ ሰው ስዊድን ውስጥ ጥገኝነት ጠይቆ ቃሉን እየሰጠ ነው እንበል። ጠያቂዋ «ከዚያ ቀን በኋላ ቤትህ አልተመለስክም?» ትላለች። እሱ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «አዎ» ይላል። በልቡ ያለው «አዎ፣ አልተመለስኩም» ነው። አስተርጓሚው ቸኩሎ «ዮ» ካለ፣ በስዊድንኛ የተናገረው «ኧረ ተመልሻለሁ» ነው። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው እሱ ነው። ከሁለት ገጽ በኋላ ሰውዬው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን እንዳላየ ሲናገር ታሪኩ እርስ በርሱ የተጋጨ ይመስላል። «ያ» ቢልም አልዳነም፤ ስዊድናዊ ጆሮ በአሉታ ጥያቄ ላይ «ያ» ሲሰማ ግራ ይጋባል፣ በራሱም ግምት ይሞላዋል። የሰው ዕጣ በዚህ መጠን በአንዲት ቃል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም የሚለው ደንብ አለ። ትክክለኛ ደንብ ነው። አንዳንዶቻችሁ «አዎ»ን ወደ «አልተመለስኩም» መለወጥ መጨመር ነው ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። አማርኛ ተናጋሪው «አዎ» ሲል ግሱ ውስጡ አለ። እሱን ማውጣት ታማኝነት ነው። ካልተረጋገጠላችሁ ደግሞ አቁማችሁ ጠይቁ፤ «ተመለስኩ ነው ወይስ አልተመለስኩም ያልከው?» አስር ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

እንግዲህ ወደ ሰሜን እንውጣ።

ኖርላንድ ከስዊድን ስፋት ግማሹን በላይ የሚይዝ ሰፊ አገር ነው፤ ሰው ግን ሳሳ ብሎ የሰፈረበት። ኡሜዎና ሉሌዎ ከትላልቆቹ የባሕር ዳር ከተሞች መካከል ናቸው። እዚያ «ቡና ትጠጫለሽ?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱ «ዮ» ነው። ጥያቄው ቀና ነው፣ የሚፈርስ ነገር የለም፤ «ዮ» ግን ትባላለች። በሰሜኑ አነጋገር «ዮ» ተራዋ፣ ሙሉዋ «አዎ» ናት። የስቶክሆልም ሰው ይኼን ሲሰማ ሌላ ነገር ይመጣበታል። እሱ ጋ ለቀና ጥያቄ «ዮ» ብሎ መመለስ ማቅማማት ነው፤ «እንግዲህ... አዎ መሰለኝ» ዓይነት። ስለዚህ የሰሜኑ ሰው ከልቡ ተስማምቶ ሳለ ለደቡቡ ሰው በግማሽ ልብ የተስማማ ይመስላል። አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ፣ ያቺው ቃል። የሰሜኗ «ዮ» በትርጉም ከስቶክሆልሟ ይልቅ ለፕራጓ ትቀርባለች። የአካባቢ አነጋገርን የደንበኛው ቋንቋ ስሕተት አድርገው ለሚያዩ ሰዎች ይኼ መልስ ይመስለኛል። የሰሜኑ ሰው የሚናገረው የራሱን ሥርዓት ጠብቆ ነው።

የሰሜኗ «ዮ» ሌላም ነገር አላት። ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አትባልም። ወደ ውስጥ ትባላለች።

ይኼን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ይኖራሉና እንዴት እንደሆነ ላሳይ። ከንፈር ሾል ይላል። ከዚያ አየሩ በቀሰም መጠጥ እንደሚስብ ሰው በአንዴ ወደ ውስጥ ይሳባል። «ሽውፕ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጉሮሮ አይንቀጠቀጥም፣ ቃል አይወጣም። አለቀ። «አዎ» ተብሏል። መልሱ ሊያመልጥህ ይችላል፤ እንግዳ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ጥያቄውን ይጠይቃል፣ በእያንዳንዱ ጊዜም ይመለስለታል። ወደ ደቡብ ሲወረድ ከንፈሩ ይለቃል፤ በትንፋሽ ወደ ውስጥ የሚባል «ያ» ይሆናል። ይኼኛው በመላው ስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በፊንላንድም አለ።

አሁን ዐይናችሁን ጨፍኑና አንድ እናት ወሬ ሲያዳምጡ አስቡ። ጎረቤት ተቀምጣ ስለ ልጇ ሠርግ ትነግራቸዋለች። «ቅዳሜ ነው» ትላለች። እማማ አፋቸውን ትንሽ ከፈት፣ ቅንድባቸውን ከፍ ያደርጉና አየር ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ «እህ»። «ድንኳኑም ተተከለ።» «እህ»፣ ወደ ውስጥ። አዎ፣ እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥይ። ይኼን ሁላችንም እናደርገዋለን። እያደረግነው መሆኑን ግን አናውቀውም። አዲስ አበባ የገባ የውጭ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ይደነግጣል። ያነጋገረው ሰው የደነገጠ ይመስለዋል፤ ወሬውን አቋርጦ «ምን ሆንክ?» ይላል። ከኡሜዎ የመጣ ሰው ግን ምናልባት አይጠይቅም።

እኔ ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት ተገርሜ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ የሚባለውን «አዎ» የሰሜን አውሮፓ መለያ አድርገው ቆጥረውታል። በስኮትላንድ፣ በአየርላንድ፣ በካናዳ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ በአሜሪካዋ ሜይን ግዛትም ተመዝግቧል። ሳንድራ ክላርክና ጉኔል ሜልሸርስ የተባሉ ሁለት ምሁራን በ2005 ይኼንን በካርታ ተከታትለው፣ ቫይኪንጎች ወደ ብሪታንያ ደሴቶች፣ ከዚያ ስደተኞች ወደ አሜሪካ ይዘውት ሄደው ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ለአትላንቲክ ዙሪያ ደኅና ሐሳብ ነው። ለእኛ ግን አይሠራም። ጣና ዳር ያደገች እናት ከቫይኪንግ አልተማረችውም። ስዊድናዊው ሮበርት ኤክሉንድ በ2008 ሰፊ ጥናት አውጥቶ ወደ ውስጥ መናገር የሰሜን አውሮፓ ብቻ እንዳልሆነ፣ በብዙ አህጉራት እንዳለ አሳይቷል። የሰው ልጅ ሲያዳምጥ ይተነፍሳል። ትንፋሹን መልስ ማድረግ በተለያየ ቦታ ለብቻው የበቀለ ነገር ይመስለኛል።

የኤክሉንድ ሌላ ሥራ አለ፤ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው እሱ ነው። በ2002 ያቀረበው ነው። ስዊድናውያን በስልክ የጉዞ ትኬት ሲይዙ የተቀዱ ንግግሮችን መረመረ። በአንዱ ክፍል ሰዎቹ የሚያነጋግሩት ሰው እንደሆነ ያውቃሉ። በሌላው ክፍል ማሽን እያነጋገሩ ይመስላቸዋል። ከሰው ጋር ሲያወሩ ወደ ውስጥ የሚባለው «ያ» ይሰማል። ከማሽን ጋር ሲያወሩ ይጠፋል። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም ስለ ትንፋሽ አላነሳባቸውም። ወደ ውስጥ የሚባለው «አዎ» ለሰው የሚሰጥ «አዎ» ነው ማለት ነው። የእማማን «እህ» ያየ ሰው ይኼ አይገርመውም።

አስተርጓሚዎች፣ ወደ እናንተ ልመለስና ልጨርስ። ስዊድን ውስጥ ብዙው የማስተርጎም ሥራ በስልክ ነው። ሐኪሙ አንድ ቦታ፣ ታካሚዋ እሱ ጋ፣ እናንተ ቤታችሁ ወይም መኪና ውስጥ። ሐኪሙ «መድኃኒቱን አልወሰድሽም?» ይላል። እናንተ በአማርኛ ትጠይቃላችሁ። ከዚያ ዝም ይላል። መስመሩ ላይ ትንሽ የአየር ድምፅ ብቻ ትሰማላችሁ፣ እሱም ከተሰማ። ታካሚዋ መልሳለች፤ በትንፋሿ። ሐኪሙ ከኡሜዎ ከሆነ «ሽውፕ» የሰማ ይመስለውና «ዮ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል፣ ወስዳለች ብሎ። እሷ ደግሞ «ልክ ነው፣ አልወሰድኩም» ማለቷ ነው። ከስቶክሆልም ከሆነ ምንም እንዳልመለሰች ይቆጥረውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሄዳል።

እዚያ ላይ ዝም አትበሉ። ለሐኪሙ «ታካሚዋ በትንፋሽ መልሳለች፣ እንዳረጋግጥ ይፈቀድልኝ» በሉት። ከዚያ ጥያቄውን አሉታውን አውጥታችሁ መልሳችሁ ጠይቋት፤ «እናቴ፣ መድኃኒቱን ወስደሻል?» «ወስጃለሁ» ወይም «አልወሰድኩም» ትላለች። በግስ የመጣ መልስ በስልክም አይጠፋም። ከመካከላችሁ በዚህ ላይ ሌላ ልምድ ያላችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ከትግርኛና ከኦሮምኛ የምታስተረጉሙ፣ በጥያቄው ሰዓት ብትነግሩን ደስ ይለኛል። መድረኩ የእናንተ ነው።